የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሩ አየር ላይ የሚሆነው መቼ ነው?

አንድ ጓደኛዬ ስለ ዓድዋ ጦርነት በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ እየሠራ ነው። አንድ ቀን ማታ ሻይ እየጠጣን ደብተሩን ወደኔ ገፋ አደረገና «እስቲ ይሄን ፈረስ እየው፤ የሆነ ነገሩ አልጣመኝም» አለኝ። ፈረሱ ሲጋልብ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላ እግሮቹን ደግሞ ወደኋላ ዘርግቶ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው አየር ላይ ተንሳፏል። ያምራል። ግን እውነትም የሆነ ነገሩ ልክ አይደለም።

«ለምን ፎቶ አይተህ አትሥልም?» አልኩት።

«እሱማ ኮፒ ነው። ሠዓሊ ከራሱ ነው የሚሥለው» አለኝ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም። ይሁን እንጂ የጓደኛዬ ፈረስና የጓደኛዬ መልስ ሁለቱም ከ140 ዓመት በፊት ትልልቅ ሠዓሊዎችን ያጨቃጨቁ ጉዳዮች መሆናቸውን አውቅ ነበር። ለዚያ ጭቅጭቅ መነሻ የሆነው መሣሪያ ደግሞ በቀጥታ የኔ መስክ ነው። ታሪኩን ለሱ እንደነገርኩት ለእናንተም ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን የማይደርስበት ፍጥነት

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀት አንሡና፣ ምንም ሳታዩ፣ የሚጋልብ ፈረስ ሣሉ። አራቱም እግሮቹ መሬት ለቀው ይሁኑ። አብዛኛው ሰው ልክ እንደ ጓደኛዬ እግሮቹን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ ይሥላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 የሣለው፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው የኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ላይ ያሉት ፈረሶችም እንደዚያው ናቸው። ዤሪኮ ደግሞ ስለ ፈረስ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፈረስ ይወድዳል፣ ይጋልባል፣ ሲሥል የኖረውም ፈረስ ነው።

ታዲያ ለምን? ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የፍጥነት ነው። በሙሉ ኃይሉ የሚጋልብ ፈረስ አራቱን እግሮቹን በየተራ አሳርፎ አንድ ዙር ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ አራት ሰኮናዎች ይነሣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ያርፋሉ። ዓይናችን እያንዳንዷን ነጥሎ መያዝ አይችልም። ዓይን ያላየውን ደግሞ አእምሮ ከልማድ ይሞላዋል፦ ፈጣን ነገር የተዘረጋ ነገር ነው ብሎ።

ይህ ነገር እንቅልፍ የነሣቸው ሰዎች ነበሩ። በፈረስ ሥዕሎቹ ትክክለኛነት ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ዣን-ሉዊ ኤርነስት ሜሶኒዬ ፖይሲ በሚገኘው ግቢው ውስጥ ሐዲድ አስዘረጋ። እሱ በጋሪ ተቀምጦ በሐዲዱ ላይ እየተገፋ፣ ፈረሱ አጠገቡ እየጋለበ፣ እግሮቹን እኩል እየተከተለ ለማየት ነው። እንደ መሐንዲስ ሳየው ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በፈረሱና በተመልካቹ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ወደ ዜሮ አወረደው። ግን የእግሮቹን ፍጥነት አላወረደውም። እነሱ አሁንም ያው ናቸው።

ሌላው ፈረንሳዊ፣ የፊዚዮሎጂ ሊቁ ኤቲየን-ዡል ማሬ፣ ዓይንን ጭራሽ ተወው። ከፈረሱ ሰኮና ሥር አየር የተሞላ ትንሽ የላስቲክ ኳስ አደረገ። ሰኮናው መሬት ሲረግጥ አየሩ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ጋላቢው እጅ ላይ ወዳለች መሣሪያ ይደርሳል፤ የመሣሪያዋ መርፌ ደግሞ በሚሽከረከር ጥቁር ወረቀት ላይ መስመር ትጭራለች። ማሬ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ላይ መሬት የሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ አሳየ። መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን መልሱ መስመር ነው። ሠዓሊ ከመስመር ላይ የፈረስ ጉልበት እንዴት እንደታጠፈ ማየት አይችልም።

አሥራ ሁለት ካሜራ በአንድ መስመር

የማሬ ሥራ ባሕር ተሻግሮ ካሊፎርኒያ ደረሰ። በዚያ የባቡር ሐዲድ ባለሀብትና የቀድሞ የግዛቲቱ ገዥ የነበረው ሊላንድ ስታንፎርድ የእሽቅድምድም ፈረሶች ነበሩት። ስታንፎርድ 25,000 ዶላር ተወራርዶ ነው ነገሩን የጀመረው የሚል ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ለውርርዱ ማስረጃ አልተገኘለትም። የሚታወቀው ስታንፎርድ ፈረሶቹ እንዴት እንደሚሮጡ ማወቅ መፈለጉና እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራውን ፎቶ አንሺ ኤድዌርድ ማይብሪጅን መቅጠሩ ነው።

አሁን ችግሩን በቁጥር እንየው። ሳሊ ጋርድነር የተባለችው የስታንፎርድ ፈረስ በፎቶው ላይ የሮጠችው አንድ ማይልን በ100 ሰከንድ በሚጨርስ ፍጥነት ነው። ይህ በሰከንድ ወደ 16 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 58 ኪሎ ሜትር ነው። በዘመኑ ለፎቶ የሚያገለግለው ኬሚካል የተቀባ እርጥብ መስተዋት ሲሆን፣ ለአንድ የሰው ፎቶ ሰከንዶች ይፈጅ ነበር። የካሜራው ዓይን ለአንድ ሰከንድ ከተከፈተ ሳሊ 16 ሜትር ተጉዛለች፤ ፎቶው ላይ የሚቀረው ጭጋግ ብቻ ነው። ማይብሪጅ እንደጻፈው የእያንዳንዱ ምስል ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሁለት ሺሕኛ ያነሰ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፈረሷ የምትጓዘው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 16 ሜትር የነበረው ጭጋግ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ወረደ!

ግን ጊዜው ሲያጥር ብርሃኑም ያጥራል። ስለዚህ ከፈረሷ ጀርባ ነጭ ግድግዳ ተሠራ፣ መሮጫው ላይ ኖራ ተነሰነሰ፣ የካሊፎርኒያ የበጋ ፀሐይም ተጨመረ። የፈረሷ እግር ከነጩ ላይ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል። ቀሪው ጥያቄ ካሜራዎቹን ማን ይጫናቸው የሚል ነበር። የሰው እጅ አይደርስም። ስለዚህ 12 ካሜራዎች በ69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ተደረደሩ፤ በመሮጫው ላይ ክር ተወጠረ። ፈረሷ በደረቷ ክሩን ስትገፋ የኤሌክትሪክ ዑደት ይዘጋል፣ ማግኔት የካሜራውን መዝጊያ ይለቅቃል። ፎቶውን የምታነሣው ራሷ ፈረሷ ናት ማለት ነው። ይህን የኤሌክትሪክ መዝጊያ በመሥራት ጆን አይዛክስ የተባለ የባቡር ኩባንያው መሐንዲስ ረድቷል።

በጁን 1878 ፓሎ አልቶ ውስጥ ጋዜጠኞች ባሉበት ሙከራው ተደረገ። መስተዋቶቹም እዚያው ታጠቡ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ በእርግጥ መሬት ይለቃሉ። ግን ይህ የሚሆነው እግሮቹ ሲዘረጉ አይደለም። ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ሲታጠፉ ነው። የጓደኛዬ ፈረስ፣ የዤሪኮ ፈረሶች፣ ምናልባትም አሁን የሣላችሁት ፈረስ፣ የሚበርሩት በተሳሳተው ቅጽበት ነው።

ሠዓሊዎቹ ተከፋፈሉ

ሜሶኒዬ መጀመሪያ ሊያምን አልፈለገም። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር እንዴት ስሕተት ይሆናል? በኋላ ግን የማይብሪጅ ዋና ደጋፊ ሆነ። በ1881 ማይብሪጅ ፓሪስ ሲመጣ ሜሶኒዬ ቤቱ ጋብዞት የከተማዋን ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ሰብስቦ ሥራውን አሳየለት። ይሄ ቀላል ነገር አይመስለኝም። በትክክለኛነቱ የተከበረ ሰው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ በሕዝብ ፊት ማስረጃውን ሲያስተዋውቅ አስቡት።

ፊላዴልፊያ ውስጥ ሠዓሊው ቶማስ ኢኪንስ ፎቶዎቹን አጥንቶ በ1879 እና 1880 በአራት ፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሣለ። ሠረገላውን የሚነዳው ፌርማን ሮጀርስ የተባለ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ኢኪንስ ፎቶ ብቻ አላየም፤ ፈረሶቹን በትንንሹ በሰም ሠርቶ ከየአቅጣጫው ተመለከታቸው። የእግሮቹ አቀማመጥ ፍጹም ትክክል ሆነ። ግን ሥዕሉ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። የሠረገላው መንኰራኵሮች በፍጥነት ስለሚሽከረከሩ ዘንጎቻቸው ደብዝዘው ተሥለዋል፤ የፈረሶቹ እግሮች ደግሞ ድርቅ ብለው ቆመዋል። አንዱ ዓይን እንደሚያየው፣ ሌላው ካሜራ እንደሚያየው። ተቺዎች ይህን ለቅመው አወጡት። ልክ ናቸው፤ በአንድ ሥዕል ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ።

ከሁሉ ጠንካራውን ተቃውሞ ያቀረበው ቀራፂው ኦጉስት ሮዳን ነው። በ1911 በታተመ ቃለ ምልልስ ላይ ክርክሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ በእውነተኛው ዓለም ጊዜ አይቆምም፤ ስለዚህ ጊዜን የሚያቆመው ፎቶ ነው የሚዋሸው። የዤሪኮ ፈረስ የኋላ እግሩ ሲገፋ፣ ሰውነቱ ሲዘረጋ፣ የፊት እግሩ ወደፊት ሲወረወር በተከታታይ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ምስል ይዟል። ለዚህ ነው የሚሮጥ የሚመስለው።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? እኔ በበኩሌ ሁለቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ማይብሪጅ «እግሩ የት ነው ያለው?» ለሚለው መልስ ሰጠ። ሮዳን የጠየቀው «ተመልካቹ ፍጥነት እንዲሰማው ምን ልሣል?» ብሎ ነው። ለሁለተኛው ካሜራ መልስ የለውም። ግን አስተውሉ፦ የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቁ የተዘረጋ እግር መሣል አለማወቅ ነው፤ አውቀው ሲሥሉት ደግሞ ምርጫ ነው። ከ1878 በፊት የነበሩ ሠዓሊዎች ይህ ምርጫ አልነበራቸውም።

781 ገጽ ማጣቀሻ፣ ከነስሕተቱ

ማይብሪጅና ስታንፎርድ በክፉ ተለያዩ። በ1882 ስታንፎርድ በሐኪሙ ወዳጁ ስቲልማን ስም የፈረስ እንቅስቃሴን የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ፤ ማይብሪጅ የሚገባውን ቦታ አላገኘበትም። ለንደን ሊያቀርበው የነበረው ጥናትም በዚህ ምክንያት ተጠራጠሩበትና ቀረ። ከሰሰ፣ አልተሳካለትም። ከዚያ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን እንደገና ጀመረና በ1887 የእንስሳት እንቅስቃሴ የተባለውን ሥራ አወጣ፦ 781 ትልልቅ ገጾች። ፈረስና ውሻ፣ ዝሆንና ወፍ፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው፣ ውኃ የምትደፋ ሴት፣ የሚታገሉ ወንዶች አሉበት።

ይህ ለሠዓሊዎች ከተዘጋጁት ማጣቀሻዎች ትልቁ ሊባል የሚችል ነው። ኤድጋር ደጋ ከማይብሪጅ ፈረሶች እያየ ሥሏል። ፍራንሲስ ቤከን በ1953 ከታጋዮቹ ፎቶ ተነሥቶ ታዋቂ ሥዕል ሠርቷል። አኒሜሽን የሚማሩ ተማሪዎች ዛሬም ይገልጡታል። የባለቤትነት መብቱ ጊዜው ስላለፈ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት ውስጥ በነጻ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የፎቶ ታሪክ ተመራማሪዋ ማርታ ብራውን ገጾቹን አንድ በአንድ መርምራ፣ ብዙዎቹ እንደተባለው ተከታታይ እንዳልሆኑ አሳይታለች። አንድ ካሜራ ሳይሠራ ሲቀር ማይብሪጅ ክፍተቱን በሌላ ምስል ይሞላው ነበር። ማለትም ዓይናችን ያልደረሰበትን ሊያሳየን የተሠራው መጽሐፍ ራሱ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ፣ እንደ ዓይናችን ክፍተት ሞልቷል። ማጣቀሻም ይጠየቃል። ልብ ወለድ የምትጽፉም ብትሆኑ ያው ነው፤ ስለ አንድ ዘመን ልብስ ወይም መሣሪያ አንድ ፎቶ አገኛችሁ ብላችሁ አትቁሙ፤ ሁለተኛም ፈልጉ።

ስልካችሁስ?

የሳሊ ጋርድነር ካሜራዎች በሰከንድ 23 ምስል ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው ያነሡት። ዛሬ ብዙ ስልኮች በዝግታ መቅረጫቸው በሰከንድ 240 ያነሣሉ። ስታንፎርድ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ መሐንዲስ ቀጥሮ፣ ግድግዳ አሠርቶ ያገኘውን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ ያውም ከአሥር እጥፍ በላይ። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የመገኘት ዕድል ካጋጠማችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ከጎን ቁሙና ቅረጹ። ቪዲዮውን እያንቀራፈፋችሁ እግር ለእግር ተከተሉ።

ጓደኛዬ ታሪኩን ሰምቶ ብዙ ቀን ዝም አለኝ። ከዚያ አዲሱን ገጽ ላከልኝ። ከፊት ያለው ትልቁ ፈረስ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቧል፤ ጡንቻው ሁሉ ተጨምቆ ሊፈነዳ ነው። ከኋላ፣ አቧራው ውስጥ፣ ደብዘዝ ያሉት ፈረሶች ግን አሁንም ተዘርግተዋል።

«የኋላዎቹን ለምን አላስተካከልካቸውም?» ስለው፣

«እነሱን አውቄ ነው የተውኳቸው» አለኝ።