ጅራፍና ቁራሽ ሥጋ

ጩኸት የሚያበዛ ውሻ ካልተገረፈ አደብ አይገዛም የሚለው እምነት የዘመናት ልምድ ያጸናው እውነት ይመስላል። በምዕራቡ ዓለም ግን ይህ ዘዴ ወደ ቤተሰብ ግቢ የዘለቀው በአብዛኛው ከፖሊስ ጣቢያና ከጦር ሰፈር ተነሥቶ ነው። ጀርመናዊው የፖሊስ ባለሙያ ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው የማሠልጠኛ መጽሐፍ ሽልማትን ባይዘነጋም ማስገደድን ዋና መሣሪያ አድርጓል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ውሾችን ያሠለጠነው አሜሪካዊው ዊልያም ኮህለርም በ1962 ባወጣው መጽሐፍ አንገት ከሚያንቀው ሰንሰለት ጋር ያንኑ ጠንካራ ሥርዓት ለተራው ሰው አቀረበ። ተኩስ መሃል ሳያመነታ ሊታዘዝ ለሚገባው ውሻ የተበጀው ዘዴ፣ በር ሲንኳኳ ለሚጮኸው የቤት ውሻም መድኃኒት ሆኖ ተቆጠረ።

ከሞስት በፊትም የአዳኝ ውሾች አሠልጣኞች ጅራፍ ይይዙ እንደነበር አይካድም። ይሁንና በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ኤስ. ቲ. ሃሞንድ በ1880ዎቹ ድብደባን ነቅፎ ውሻ በምስጋናና በቁራሽ ሥጋ እንዲማር ጽፏል። ሳይንሱ የደረሰው ከእሱ በኋላ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ሳጥን ውስጥ በዘጋቸው ድመቶች ላይ፣ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳየ፤ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ በ1951 ማንም ሰው በምግብና በአጭር የድምፅ ምልክት እንስሳ ማስተማር እንደሚችል ለሰፊው አንባቢ አስረዳ።

ዘዴው ጩኸት ላይ ሲውል እንዲህ ነው። ውሻው ሁለት ሦስቴ ይጩኽ፤ ከዚያ ሥጋውን አፍንጫው ሥር ያቀርቡለታል። ለማሽተት አፉን በገጠመባት ቅጽበት በለሰለሰ ድምፅ «በቃ» ይሉትና ያጎርሱታል። የዝምታው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ዐሥር ቀስ እያለ ይረዝማል። ባለቤቱ ተናዶ ከጮኸ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ውሻው አብሮት የሚጮህ አጋር ያገኘ ይመስለዋል።

ዱላ ፈጣን ነው የሚሉ አሉ። ድምፁን ቶሎ ሊያፍነው መቻሉ እውነት ነው። የሚያስጮኸው ፍርሃት ከሆነ ግን ዱላው ሌላ ፍርሃት ይጨምርበታል፤ ማጉረምረም እንደሚያስመታው የተማረ ውሻም ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ይህ አደጋ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው፣ በተለይ እኛ አገር የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ ውሻ የሚያዘው ግቢ እንዲጠብቅ ከሆነ ጩኸቱን መቀነስ ሥራውን መንጠቅ አይሆንም ወይ? በእርጋታ ማሠልጠን ግን ውሻውን ድዳ አያደርገውም፤ የመጀመሪያዎቹን ጩኸቶች ሆን ብሎ ይተውለታል። ሌሊቱን ሙሉ ለድመትም ለመኪናም የሚጮኸውን ውሻ የቤቱ ሰው ለምዶት ይተኛል። ሁለት ሦስቴ ጮኾ ዝም ማለት የለመደው ውሻ «በቃ» ተብሎም ካላቆመ፣ ባለቤቱ ባትሪውን ይዞ ይወጣል።