ተገጣጣሚ የድምፅ ገበታ

«ሞዱላዊ የድምፅ መደባለቂያ ኮንሶል በራስ-ማድረግ»። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የሥልጠና ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ሐረግ ነው። ከማስታወቂያው ወደ ዕቃ ዝርዝር፣ ከዕቃ ዝርዝሩ ወደ ፕሮፎርማ እየተገለበጠ መሄዱ ያሳስበኛል። ሐረጉን ዕድሜውን ሙሉ ሚክሰር ላይ ለሠራ ባለሙያ አንብቡለት፤ ግር ይለዋል። ለአማርኛ መምህር አንብቡለት፤ እሱንም ግር ይለዋል። ዕቃውን የሚያውቀውም ቋንቋውን የሚያውቀውም ካልተረዱት ለማን ተብሎ ተተረጎመ? ቃላቱ ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ተለቅመው ተደረደሩ እንጂ ለዕቃው ስም አልወጣለትም። ስም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ያያል፤ ከዚያ አማርኛ ለዚያ ሥራ ምን እንዳለው ይጠይቃል።

ዕቃውን አብዛኛው አንባቢ በዓይኑ ያውቀዋል። በሠርግ ድንኳን ጥግ፣ በዐውደ ምሕረት ጎን፣ በስብሰባ አዳራሽ ኋላ ተቀምጦ አንድ ወጣት ቁልፎቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት መሣሪያ ነው። ከየማይኩ፣ ከኪቦርዱ፣ ከማሲንቆው የሚመጣውን ድምፅ ይቀበላል፤ የእያንዳንዱን መጠን ያስተካክላል፤ ሁሉንም ባንድ አድርጎ ወደ ስፒከር ይልካል። በገበያ የሚገኘው ርካሹ ዓይነት መስመሮቹ በሙሉ በአንድ ሰርኪት ቦርድ ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዱ መስመር ሲበላሽ ዕቃው እንዳለ ይፈታል፤ እዚህ የሚፈታው ከጠፋ ታስሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ይወርዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ዓይነት ግን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የተሠራ ነው። በጋራ ማቀፊያ ውስጥ ይሰካል፤ ሲያሻ ይነቀላል፤ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አራት መስመር ሠርቶ የጀመረ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ አምስተኛውን ይጨምራል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሩፐርት ኒቭ በ1970 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ዌሴክስ ስቱዲዮ የሠራው 1073 የሚባለው መስመር እንዲሁ ተሰክቶ የሚነቀል ነበር። የአሜሪካው ኤፒአይ ኩባንያ ያስጀመረውን 500 የተባለ ልክ ደግሞ ዛሬ በየአገሩ ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ይከተሉታል።

እንግዲህ ወደ ስሙ። መጀመሪያ «ሚክሰር» አለ። ባለሙያዎች የሚሉት ይህን ነው፤ በአፍ ሲነገር ችግር የለበትም። ሲጻፍ ግን ያደናግራል። ደብረ ታቦር ሕንፃ እየተሠራባት ያለች ከተማ ናት፤ «ሚክሰር ይከራያል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የሚያስበው ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካውን ማሽን ነው። ጭማቂ ቤት ያለውም የራሱ ሚክሰር አለው። ስለዚህ ተርጓሚዎች ወደ ግሡ ሄዱና «መደባለቂያ» አሉት። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። አማርኛ ተናጋሪ «ተደበላለቀ» ሲል ነገሩ ተበላሸ ማለቱ ነው። «ድብልቅልቁ ወጣ» የሚባለው ለገበያ ሁከት ወይም ለጠብ ነው። የድምፅ ባለሙያውም ከበሮው የመሪጌታውን ድምፅ ሲውጥበት «ድምፁ ተደበላለቀብኝ» ብሎ ያማርራል። መሣሪያው የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነው። ዕቃን በሚከላከለው ብልሽት ስም መጥራት ምን ይባላል?

«መቀላቀያ» ለስለስ ይላል። ቅልቅል የሁለት ቤተሰብ ደስታ ነውና ቃሉ ክፉ ስሜት የለውም። ነገር ግን የተቀላቀለ ነገር ተመልሶ አይለይም፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ በማንኛውም ጊዜ አንዱን ማይክ ብቻ ነጥሎ ዝም ሊያሰኝ ይችላል። «ማዋሐጃ»ም ቀርቧል። በኬሚስትሪ ትምህርት ውህድ ማለት ንጥረ ነገሮቹ የየራሳቸውን ጠባይ ትተው ሌላ ነገር የሚሆኑበት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መቀላቀል፣ የሚነገር ታላቅ ምሥጢር ነው። አንዱ ትርጉም ለሥራው አይሆንም፤ ሌላው ለዕቃ ስም አይወርድም።

የሚቀረው ደመረ ነው፤ ይህ ቃል የተሻለ ክብደት አለው። የመሣሪያው ሆድ ሲከፈት የሚታየው በእርግጥ መደመር ነውና። ከየመስመሩ የሚወጣው ድምፅ በአንድ ሬዚስተር በኩል፣ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም በሆነው፣ አልፎ ወደ አንድ የጋራ ሽቦ ይደርሳል። ሽቦው የሚገባበት ማጉያ መግቢያውን ሁልጊዜ ዜሮ ቮልት አጠገብ ይዞ ያቆየዋል። በዚህም የተነሣ አንዱ መስመር ሌላውን አይነካውም፤ የአንዱ ቁልፍ ከፍ ዝቅ ሲል የጎረቤቱ መጠን አይለወጥም። የሚደመረው በየቅጽበቱ ያለው ቮልቴጅ ነው፤ አንድ ሲደመር ሁለት እንደምንለው። ዋጋም አለው፤ ሁሉም ሬዚስተሮች እኩል ሆነው 16 መስመር አንድ ላይ ሲደመር የማጉያው የራሱ ሹሹታ 17 እጥፍ ይጎላል። ራሱ የሚሠራ ሰው ሹሹታው ያነሰ ማጉያ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለዚያች የጋራ ሽቦና ማጉያ «መደመሪያ» የሚለው ስም ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው «ባስ» ስለሚላት «አውቶቡስ» ተብላ ተተርጉማ ከምናገኛት ይህ ይሻላል። ሙሉውን ዕቃ «የድምፅ መደመሪያ» ማለት ግን ይጠብበታል። ዕቃው ከመደመሩ በፊት ያጎላል፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ያርማል፣ ይመጥናል፣ ያከፋፍላል። በዚያ ላይ መደመር በዚህ ዘመን ሌላ የፖለቲካ ትርጉም ስለተሸከመ ሰሚው ወደ ሌላ ሐሳብ ይሄዳል።

ግሦቹ አንድ በአንድ ከወደቁ የተሳሳተው መንገዱ ራሱ ነው ማለት ነው። ሌሎች ቋንቋዎችን እንይ። ጀርመኖች ሚሽፑልት ይሉታል፤ ፑልት ዘንበል ያለ የመጻፊያ ጠረጴዛ ነው። ፈረንሳዮች ታብል ደ ሚክሳዥ፣ ስፔኖች ሜሳ ደ ሜስክላስ ይሉታል፤ ታብልም ሜሳም ጠረጴዛ ነው። እንግሊዞችም በሥራ ላይ ዴስክ ነው የሚሉት። ሁሉም ስሙን ያስቀመጡት እጅ በሚያርፍበት ሰፊ ገጽ ላይ ነው። አማርኛ ለዚህ ጠረጴዛ፣ ሰሌዳና ገበታ አለው። ጠረጴዛ ራሱ ከግሪክ የመጣ ቃል ሆኖ ቤተኛ ሆኗል፤ ግን ሚክሰሩ የሚቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ነውና ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሰሌዳ ቆሞ የሚነበብ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ። ዓይን ያየዋል እንጂ እጅ አይሠራበትም።

ገበታ ግን ተዘርግቶ የሚቀርብ፣ እጅ የሚዘረጋበት ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ ቃሉን ከማዕድ አውጥቶ ለሥርዓት ሰጥቶታል፤ የፊደል ገበታ አለን። በፊደል ገበታ ላይ ወደ ታች ሲወርዱ ፊደሉ ይለወጣል፤ ወደ ጎን ሲሄዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ድምፁ ይለወጣል። በዚህ መሣሪያም ላይ ወደ ጎን ሲሄዱ ከመስመር ወደ መስመር ይሻገራሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ የአንዱን መስመር ሥራዎች በተራ ያገኛሉ፤ ከላይ ማጉያው፣ መካከል ላይ ማረሚያው፣ ግርጌ ላይ መጠን መግፊያው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን አቀማመጥ ያለ አስተማሪ ያነበዋል። «የድምፅ ገበታ» ማለት ይበቃል። ማደባለቅም ማዋሐድም ሳንል፣ እያንዳንዱ ድምፅ በየቦታው ሆኖ የሚቀርብበትን ዕቃ ሰይመነዋል።

«ሞዱላር» የሚለው ቅጽል ከበድ ያለ ክርክር አለበት። «ሞጁል» በአገራችን ቦታ ይዟል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞጁል ሲባል የሚያስበው ለፈተና የሚያነበውን ጥራዝ ነው። «አሃዳዊ» ያሉ አሉ። አሃዳዊ መንግሥት ማለት ያልተከፋፈለ፣ ሥልጣኑ ባንድ ማዕከል የተያዘ መንግሥት እንደሆነ እያወቅን ተነቃቅሎ ለሚሰካ ዕቃ ይህን ቃል መስጠት ትርጉሙን ገልብጦ መስጠት ነው። «ክፍልፋይ» የሚሉም አሉ፤ ክፍልፋይ ከሙሉ የተቆረሰ ነው፣ ይህ ግን ለየብቻው ሙሉ ነው። «ተነቃይ» ደግሞ ግማሹን ብቻ ይናገራል፤ መውጣቱን ነገረን እንጂ መግባቱን አልነገረንም።

እኔ የምሟገትለት ቃል «ተገጣጣሚ» ነው። ሥሩ ገጠመ ነው፤ ከአማርኛ ግሦች ሁሉ እንደዚህ የሚሰፋ ጥቂት ነው። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል። ጦር ከጦር ይገጥማል። ቡድን ከቡድን ግጥሚያ አለው። መንገድ ከመንገድ መጋጠሚያ አለው። በሰው ላይ የደረሰው ገጠመኝ ነው። ቃል ከቃል በልክ ሲያርፍ ግጥም ይሆናል፤ የሚያሳርፈውም ገጣሚ ይባላል። በዚህ ሥር ውስጥ ያለው አንድ ሐሳብ «ልክ» የሚለው ነው፤ ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ቆመው አንዱ ለሌላው ልክ መሆኑ። ሞዱላር የሚባለው አሠራርም ከዚህ የተለየ አይናገርም።

«ተገጣጣሚማ ማንኛውም ዕቃ ነው፤ መኪናም ይገጣጠማል» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። መልሱ ያለው በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ነው። «የተገጣጠመ» ያለፈ ሥራ ነው፤ አልቋል። «ተገጣጣሚ» ጠባይ ነው። ታጣፊ አልጋ ተዘርግቶም ታጣፊ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ተንቀሳቃሽ ነው። ተገጣጣሚም እንዲሁ ተሰክቶ ሳለ ሊነቀል፣ ተነቅሎ ሳለ ሊሰካ የሚችል ማለት ነው። «ገጣጠመ» ላይ ያለው ድግግሞሽ ደግሞ ሥራው አንድ ጊዜ የሚያበቃ አለመሆኑን ይጨምራል። ቃሉ አዲስም አይደለም። ተገጣጣሚ ቤት እንላለን፤ ተገጣጣሚ የሕንፃ አካላት የሚያመርት ድርጅትም ስሙን በዚሁ ቃል ጽፏል። ስምም ሆኖ ያገለግላል፤ «ሦስተኛው ተገጣጣሚ ተበላሽቷል፣ ነቅለህ ሌላ ስካ» ቢባል የማይገባው ሠራተኛ የለም።

«በራስ-ማድረግ» የሚለውን በተመለከተ ስም ማውጣት አያስፈልግም። አማርኛ ይህን በግሥ ይለዋል፤ «ራሱ የሠራው»፣ «ራሷ ገጣጥማ የሠራችው»። ግሥ ሥራውን ከጨረሰ ስም መጨመር ሸክም ነው።

ይህን ሁሉ ስል የውጭ ቃል ጠላት አይደለሁም። ማይክ ማይክ ይባል፤ ስፒከር ስፒከር ይባል። እንዲያውም ሁለቱን በስማቸው ብንጠራ «ድምፅ ማጉያ» ለማይኩም ለስፒከሩም ለአምፕሊፋየሩም መዋሉ ይቀርና ማጉያ ለሚያጎላው ብቻ ይቆይልናል። የጣልያን ኩባንያ ስም የሆነው ሞንታርቦ የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ በየመንደሩ ይነገራል፤ ሕዝብ የተቀበለው ነውና ይኑር። መድፍም ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ ማንም በቃሉ አልተቸገረም። ጥያቄው ቃሉ ከየት መጣ ሳይሆን ሰሚው ዕቃውን ያይበታል ወይ ነው። ወናፍ፣ ጉጠትና መዶሻ የሚሉትን ቃላት ያቆዩልን ባለ እጆች ዕቃውን ጨብጠው ነው የሰየሙት።

በድምፅ ጉዳይ ደግሞ ይህ አገር ቃል አጥቶ የሚበደር አይደለም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ፎገራ ናበጋ የተወለዱት የአለቃ ገብረ ሃና ልጅ ተክሌ ያስተማረው አቋቋም ዛሬም በደብረ ታቦር ይቆማል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፤ የድጓ ሊቃውንት ድምፅ እንዴት እንደሚወርድ፣ እንደሚወጣ፣ እንደሚያዝና እንደሚቆረጥ በስምንት ምልክት ለይተው ሰይመውታል። አብዛኛው ስማቸውም ከተራ ግሥ የወጣ ነው፤ ደፋ፣ ሄደ፣ ያዘ፣ ቆረጠ፣ ጫረ። ለሰው ጉሮሮ ይህን ያህል የረቀቀ ቋንቋ ለሬዚስተርና ለሽቦ ስም ማውጣት አያቅተውም፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የታጣው።

ሥልጠና ለምታዘጋጁ፣ ዕቃ ለምትገዙ፣ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጥራዝ ለምትጽፉ፦ «ሞዱላዊ የድምፅ መደባለቂያ ኮንሶል» የሚለውን ሰርዙት። ዕቃው የድምፅ ገበታ ነው፤ ዓይነቱ ተገጣጣሚ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ተገጣጣሚ፣ የጋራዋ ሽቦ ከነማጉያዋ መደመሪያ ናት። የተሻለ ቃል ያለው ሰው ያምጣ፤ ግን ዕቃውን ፈትቶ አይቶ ያምጣ።