የሰው ሠራሽ ኩላሊት ዋጋና እውነተኛው ከፋይ

የሕክምና ዋጋ ስለ ምን እንዲህ ናረ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ መሣሪያው ነው። መሣሪያው ረቂቅ ነው፣ ረቂቅ ነገርም ውድ ነው ይባላል። የሰው ሠራሽ ኩላሊት ታሪክ ግን ይህን አባባል እምብዛም አይደግፍም።

የመጀመሪያው ሠራተኛ መሣሪያ የተገነባው እ.ኤ.አ. በ1943 ጀርመን በያዘችው ሆላንድ፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወጣቱ ሐኪም ቪለም ኮልፍ በጦርነቱ ምክንያት ያሻውን ዕቃ ሊያገኝ ስላልቻለ፣ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን የሴሎፋን ቱቦ በከበሮ ላይ ጠምጥሞ የጨው ውሃ በሞላበት የኢናሜል ገንዳ ውስጥ አሽከረከረው። ደም ሳያንጠባጥብ የሚዞረውን መገጣጠሚያ ሐሳብ ያገኘው ከፎርድ መኪና የውሃ ፓምፕ ነው። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት በዚሁ መሣሪያ ከሞት ተረፉ። ሆኖም እያንዳንዱ እጥበት የደም ሥር ስለሚያበላሽ ሕመምተኛው ከጥቂት ጊዜ በላይ ሊታጠብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ዋጋው የማንም ራስ ምታት አልሆነም።

ነገሩን የለወጠው አንድ ቁራጭ ቱቦ ነው። በ1960 በሲያትል ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነርና መሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን ከቴፍሎን የተሠራ፣ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ቱቦ በሕመምተኛው ክንድ ላይ በቋሚነት አኖሩ። የደም ሥርን በየጊዜው መቅደድ ቀረ፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛም 11 ዓመት ኖረ። በዚያው ቀን ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃ የነበረው ወጪ የዕድሜ ልክ ወጪ ሆነ። ዛሬ እንደ ተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት 156 ጊዜ ይታጠባል፤ በአራት ሰዓቱ እጥበት በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢያልፍ 120 ሊትር፣ በዓመት ከ18 ሺህ ሊትር በላይ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ማጣሪያው፣ ነርሷና ኤሌክትሪኩ ከዚህ በላይ ናቸው። ሕክምናው የተወደደው ሰው ስላዳነ ነው ማለት ይቻላል።

በ1962 በሲያትል የተከፈተው ማእከል አልጋው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። ማን ይታጠብ የሚለውን እንዲወስኑ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ ከነዚህም መካከል ቄስ፣ ጠበቃ፣ ባለ ባንክ፣ የቤት እመቤትና የሠራተኞች መሪ ይገኙ ነበር። የአመልካቹን ገቢ፣ የልጆቹን ብዛትና ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ሳይቀር መረመሩ። መክፈል ያልቻለው ኅብረተሰብ በሰባት ሰው እጅ ፍርድ ሰጠ። በ1964 ኮሚቴው ያልተቀበላትን አንዲት ወጣት ለማዳን የኑክሌር ምሕንድስና ፕሮፌሰሩ አልበርት ባብ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቤት ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ በጥቂት ወራት ሠሩ። የቤት እጥበት ከማእከሉ በእጅጉ የረከሰ ሆኖ ተገኘ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ከመቶ አርባ የሚሆኑት የአሜሪካ ታጣቢዎች በቤታቸው ይታጠቡ ነበር።

በኅዳር 1971 አንድ ሕመምተኛ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከመሣሪያ ጋር ተያይዞ እየታጠበ ቃሉን ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ መሠረት ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ወጪውን ለሁሉም ዕድሜ ተሸከመ። የሰባቱ ሰዎች ፍርድ አበቃ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የክፍያው አሠራር ለማእከል የተመቸ ስለ ነበር ርካሹ የቤት እጥበት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆለቆለ። ሲጀመር 10 ሺህ ገደማ የነበሩት ሕመምተኞች ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሕክምናውን መልክ የቀረጸው የሒሳብ ደንቡ ነው። በ1983 ለአንድ እጥበት የተወሰነ ዋጋ ተቆረጠ። ደም ማነስን የሚያክመው ኤሪትሮፖየቲን በ1989 ሲፈቀድ ግን ለብቻው ይከፈልበት ጀመር፤ በ1991 ክፍያው በመጠን ልክ ሆነ፤ መጠኑም ወጣ። ብዙ መስጠት ለልብና ለአንጎል አደጋ እንደሚያጋልጥ ከታወቀ በኋላ መጠኑ መቀነስ ጀመረ፤ በ2011 መድኃኒቱ ወደ አንዱ ዋጋ ሲጠቃለል ደግሞ ይበልጥ ወረደ። መሐንዲስ ይህን አይስተውም፤ ቆጣሪው ባለበት ቦታ ፍሰቱ ይለወጣል።

ከፋዩስ ማን ነው? ሜዲኬር ለእጥበት የሚከፍለው በአብዛኛው ከአጠቃላይ የመንግሥት ግብር ነው። በአሠሪው በኩል የግል መድን ያለው ሕመምተኛ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 30 ወራት በዚያው መድን ይታጠባል፤ መድኑም ለአንድ እጥበት ሜዲኬር ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የማጠቢያ ኩባንያዎች ትርፍ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዚህ ጥቂቶች ነው። አሠሪው ከፈለ የተባለው የመድን ገንዘብም፣ ኢኮኖሚስቶች በሰፊው እንደሚስማሙበት፣ ሠራተኛው በደመወዝ መልክ ሊቀበለው ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ስሙ የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በኢትዮጵያ ሕመምተኛውን ሁሉ የሚሸከም እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ማጣሪያውና ቱቦው በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ ከፋዩም በአብዛኛው ቤተ ዘመድ ነው፤ እርሱ ሲያቅተው ዕድር፣ የሥራ ባልደረባና በየአደባባዩ የሚለመን መንገደኛ ነው። በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ለጋሹ ከሕመምተኛው ቤተሰብ የተገኘ ሕያው ሰው ነበር።