ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን አጠባበቅ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

የአንድ አገር ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የነገሥታቱ ዘመን፥ የጦርነቱና የንግዱ ሁኔታ በሰፊው ይተረካል፤ ቀኑ ሳይደርስ ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ በሕይወትና በሞት መካከል ስለሚገኝ ጨቅላ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ስለ ጅማም ቢሆን ስለ ሒርማታ ገበያ፥ ከ1878 እስከ 1932 ስለ ገዙት ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋርና በጅሬን ስላለው ቤተ መንግሥታቸው፥ ስለ ቡናውም ንግድ ብዙ ተጽፏል። የጨቅላው ነገር ግን ከጓዳ አልወጣም። ይሁን እንጂ ሕዝብ ከልጆቹ ሁሉ ደካማውን እንዴት እንደሚጠብቅ መመርመር ስለ ኑሮው፥ ስለ እምነቱና ስለ መንግሥቱ አሠራር ብዙ ነገር ያስረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አጠባበቅ ከምድጃው ዳር እስከ ሆስፒታሉ ክፍል ድረስ መከታተል ነው። ከዚህም የሚገኘው ፍሬ ነገር፥ ለጨቅላው ሕይወት መሠረቱ ሙቀት እንደ ሆነ፥ ሙቀቱም በብዛት የሚጠፋው ቤትና ሆስፒታል በሚለያዩበት ቦታ ላይ እንደ ሆነ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሕክምና አነጋገር ያለ ቀኑ ተወለደ የሚባለው ሕፃን በማሕፀን 37 ሳምንት ሳይሞላው የወጣ ነው፤ ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነውም ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ ሙቀት የሚያመነጨው የሰውነት ስብ የሚከማቸው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ሆነ፥ እርሱ ስብ ሳይይዝ ይወለዳል። ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን የገላው ስፋት ትልቅ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ወይም ነፋስ ካገኘው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ጤናማው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሲሆን፥ ከዚህ በታች የወረደ ጨቅላ ለመሞቅ ሲል ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ትንፋሹም ይደክማል። ሳንባውም የአየር ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ገና አላዘጋጀም፤ ጡት ለመጥባትና ለመዋጥም አቅም የለውም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፥ ዝናብ የሚበዛባት አገር ስለ ሆነች የክረምቷ ሌሊት ለአዋቂ ደስ የሚያሰኝ ቅዝቃዜ ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ሕፃን ግን ብርቱ ጠላት ነው።

የቀድሞው አጠባበቅ የሴቶች ሥራ ነበር። በኦሮሞ ዘንድ የወለደች ሴት ወዲያው ወደ ሥራ አትወጣም፤ ኡልማ በሚባለው የአራስነት ጊዜ በቤት ትቀመጣለች። በአምስተኛው ቀን ሻናን የተባለው ሥርዓት ሲፈጸም የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፤ አራሷንም ይመርቃሉ። በአማራውም ዘንድ አራስ ቤት የሚባለው ልማድ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ነው። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ከበዓልነቱ ያለፈ ነው። እናትና ልጅ በአንድ መኝታ፥ እሳት በማይጠፋበት ቤት፥ ከነፋስና ከእንግዳ ብዛት ተጠብቀው ይቆያሉ። ሕክምና «ቆዳ ለቆዳ» ብሎ በኋላ የሰየመው ነገር ከፊሉ በዚህ ልማድ ውስጥ ሳይሰየም ይኖር ነበር።

ነገር ግን ልማዱ በሙሉ ለደካማው ሕፃን የሚስማማ ነበር ማለት አይቻልም። በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር እንደ ታየው፥ ሕፃኑ እንደ ወጣ የልምድ አዋላጂቱ ዓይን የሚያርፈው የእንግዴ ልጅ እስኪወርድ ድረስ በእናቲቱ ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእንግዴ ልጅ ከዘገየ እናት በደም መፍሰስ ልትሞት ትችላለችና። ሆኖም በዚያች ሰዓት ጨቅላው እርጥቡን ወደ ጎን ተደርጎ ይቆያል። ከዚያም ከወሊድ እድፍ እንዲነጻ ወዲያው በውኃ ይታጠባል፤ ጉሮሮውን እንዲያለሰልስ ቅቤ ይቀመስለታል፤ እንገሩም እንደ ቆሻሻ ታልቦ ይደፋል። በቀኑ የተወለደ ጠንካራ ልጅ ይህን ሁሉ ሊችለው ይችል ይሆናል። ያለ ቀኑ የተወለደው ግን በእጥበቱ ይበርዳል፤ በቅቤው ትን ይለዋል፤ በእንገሩ ውስጥ ያለውን በሽታ መከላከያም ያጣል። እንግዲህ አንዱ ልማድ በአንድ በኩል ሙቀት ይሰጣል፥ በሌላው በኩል ይወስዳል።

የሞተውም ሕፃን ከሰው ቁጥር የገባ አልነበረም። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት፥ በሆድ ወይም በተወለደ በጥቂት ቀን የሞተ ሕፃን ለቅሶ ሳይለቀስለት በጓሮ እንደሚቀበር ገልጿል። እናቲቱ ብታዝንም ሐዘኗ የአደባባይ አይደለም። መንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ አዋጅ ያወጣው በ2012፥ ሥራው በአገሪቱ የተጀመረው በ2016 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት በዚህ አኳኋን ያለፉት ሕፃናት በመዝገብም አልተገኙም። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ መድኃኒት የሚፈልግለት የለም።

የሆስፒታሉ አመጣጥ ከሌላ ወገን ነው። ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 አገሪቱን በወረሩበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ በ1930 ዓ.ም. ገደማም ለወታደሮቻቸው አገልግሎት ሆስፒታል አቋቋሙ። ከነጻነት በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ፤ በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ተባለ፤ ከዚያም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆነ። የመጀመሪያው በሽተኛ ቁስለኛ ወታደር ነበር፤ ሲቪሉ ሕዝብ ከእርሱ በኋላ፥ ጨቅላው ደግሞ ከሁሉ በኋላ መጣ። ይህ ቅደም ተከተል የጅማ ብቻ አይደለም፤ በብዙ አገር ሆስፒታል የተሠራው ለአዋቂ ሰው ሲሆን፥ አዲስ የተወለደ ልጅ ራሱን የቻለ በሽተኛ ሆኖ የታየው ዘግይቶ ነው።

በኢትዮጵያ የሕፃናት አስታማሚነት ሙያ ሲነሣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይታወሳሉ። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 የሕፃናት ነርስነት ማዕረግ ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ፥ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. (1942)፥ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በነቀምቴ ዐረፉ። ሕፃናትን ለማስታመም የሠለጠነችው የንጉሥ ልጅ በምዕራቡ አገር በዚሁ በእናቶች መከራ መሞቷ፥ የዘመኑ የወሊድ አደጋ ማዕረግ የማይለይ እንደ ነበረ ያሳያል። መታሰቢያቸው የሆነው ሆስፒታል በአዲስ አበባ በ1951 ተከፈተ። በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተመሥርቶ የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን አሠለጠነ፤ እነዚህም በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ተመደቡ። ነርሷ ወደ መንደር መግባት የጀመረችው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ መካከል በውጭው ዓለም ስለ ሙቀት የነበረው ዕውቀት ረጅም መንገድ ሄዶ ነበር። በ1880 ገደማ የፓሪሱ ሐኪም ስቴፋን ታርኒዬ የጫጩት መፈልፈያ አይቶ ኢንኩቤተር የተባለውን የሙቀት ሣጥን ለሕፃናት አሠራ፤ ከ2,000 ግራም በታች ከሆኑት ውስጥ ቀድሞ ከመቶ 66 ይሞቱ የነበሩት በሣጥኑ ወደ 38 ወረዱ። ተማሪው ፒዬር ቡደን ግን ሣጥኑ ብቻውን እንደማይበቃ፥ እናትና የጡት ወተት እንደሚያስፈልጉ አስተማረ። ሣጥኑ ኤሌክትሪክ፥ ጥገናና ንጽሕና ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ሁለት ሦስት ሕፃናት በአንድ ሣጥን ይተኛሉ፥ በሽታም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በ1978 በቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ የተባለው ሐኪም ይኸው ችግር ስላስጨነቀው ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፥ ገላው ከገላዋ ተጣብቆ እንዲታቀፍ አደረገ፤ ካንጋሮ የተባለው አጠባበቅ ይህ ነው።

ይህ ዘዴ በኢትዮጵያም ተፈትኗል። ቦጋለ ወርቁና አሥረስ ካሴ በአዲስ አበባ ባደረጉትና በ2005 ባሳተሙት ምርመራ፥ ክብደታቸው ከ2,000 ግራም በታች ከሆኑት ጨቅላዎች ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእናታቸው ደረት የታቀፉት ከመቶ 22.5 ሲሞቱ፥ በተለመደው አኳኋን የተያዙት ከመቶ 38 ሞተዋል። በሌሎች አምስት አገሮች ከ3,200 በላይ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመውም ምርመራ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ዕውቀት ከምድጃው ወደ ሣጥኑ፥ ከሣጥኑም ተመልሶ ወደ እናት ደረት መጣ ማለት ይቻላል።

በጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1983 ነው፤ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኢንስቲትዩቱ መለያ ተማሪው በክፍል ብቻ ሳይወሰን ወደ ኅብረተሰቡ ወጥቶ እንዲማር ማድረጉ ነበር። ከዚህም አሳብ የተነሣ መኮንን አሰፋና ጓደኞቹ በ1985 ዓ.ም. (1992/93) በጅማ፥ በኢሉባቦርና በከፋ የተወለዱትን 8 ሺህ ያህል ሕፃናት በየሁለት ወሩ እየጎበኙ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ተከታተሉ። በጓሮ ይቀበር የነበረው ሕፃን በዚህ አገር በብዛት ከመዝገብ የገባው ያን ጊዜ ነው።

የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥርም አንድ ነገር ያስተውላል። በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ልደት 166 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ 49ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። በ2019 የአምስት ዓመቱ ቁጥር ወደ 59 ሲወርድ የመጀመሪያው ወር ግን ወደ 33 ብቻ ወረደ። ክትባቱ፥ የወባ መድኃኒቱና በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ትልቁን ልጅ አድነዋል፤ ጨቅላውን ግን በዚያው ልክ አልደረሱለትም። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5፥ በ2016 ከመቶ 26፥ በ2019 ከመቶ 48 ነበሩ። እናት ወደ ሐኪም ቤት መምጣቷ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መምጣቷ ብቻ ደካማ ልጇን አያድንም።

የዚህም ማስረጃ በሆስፒታሎቹ ውስጥ ተገኝቷል። ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 ድረስ በአዲስ አበባ ሦስት ሆስፒታሎች፥ በጎንደርና በጅማ በተደረገው ጥናት 4,919 ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ተመዝግበዋል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 3,852 ውስጥ 1,109፥ ማለት ከመቶ 29፥ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ 45 የሳንባ አለመብሰል፥ ከመቶ 30 ኢንፌክሽን፥ ከመቶ 14 መታፈን ዋና ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉ በላይ ግን ሞቱን ያገዘው ቅዝቃዜ ሲሆን፥ ከሟቾቹ ከመቶ 69 ላይ ታይቷል። ይህ የሆነው በአገሪቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች ነው።

በእንዲህ ያለው ክፍል የነርሷ ሥራ ከሐኪሙ ትእዛዝ ይልቅ በሰዓት የሚቆጠር ትጋት ነው። ሕፃኑን ማድረቅ፥ ቆብ ማልበስ፥ ሙቀቱን መለካት፥ የታለበውን የእናት ወተት በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት ሚሊ ሊትር መስጠት የእርሷ ነው። ትንፋሹ ለደከመው አየርና ኦክስጅን በአፍንጫው ይገባለታል፤ የትንፋሹ መውጫ ቱቦ ጫፍ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፥ ውኃው እየተንፈቀፈቀ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ ግፊት ይሰጣል። ኦክስጅኑ ቢበዛ ደግሞ የሕፃኑን ዓይን ይጎዳልና ልኩን መጠበቅ አለባት። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ስታልፍ እጇን ሳትታጠብ ብትቀር ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

የቡና ከተሞቹ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሊሙ ገነት፥ ጪራ፥ ሸቤም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ቡናው በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ነፍሰ ጡሯም ለቅማ፥ ተሸክማ፥ አስጥታ ትውላለች፤ በቆላው በኩል ወባ ይጨመርባታል፥ ወባም የፅንሱን ክብደት ከሚቀንሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በመንደር የተወለደው ደካማ ሕፃን ከአራስ ቤቱ ሙቀት ወጥቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመኪና ሲጓዝ፥ ከእናቱ ገላ ከተለየ ሆስፒታል የሚደርሰው በርዶ ነው። የሆስፒታሉ መሣሪያ መሥራት የሚጀምረው ያ ሕፃን ካለቀ ኃይሉ በኋላ ነው። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከተሞከሩት አንዱ፥ ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲቀርብ ከጤና ጣቢያው አጠገብ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ ቤት ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ በጎማ፥ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች አሻሽለው መርምረውታል።

ከታሪኩ የሚወጣው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። በጅማ አገር የቤቱ ዕውቀትና የሆስፒታሉ ዕውቀት ለየብቻቸው አድገዋል፤ አንዱ ሙቀቱን ሲያውቅ እጥበቱንና ቅቤውን አልተወም፥ ሌላው ትንፋሹን ማገዝ ሲያውቅ እናቲቱን ከልጇ ለይቶ ከበር ውጭ ያስቀመጠበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ በአንድነት የሚገናኙት በእናቲቱ ደረት ላይ ነው፤ እርሱ በመንደሩም፥ በመንገዱም፥ በክፍሉም አብሮ የሚሄድ፥ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ሙቀት ነውና። ይህን ለአያቶችና ለልምድ አዋላጆች በራሳቸው ቋንቋ፥ ኡልማ ብለው በሚያውቁት ሥርዓት በኩል ማስረዳት የሚችለው ከመንደሩ የወጣው ነርስ ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምረውም ሰው ሥራ አለው፤ ደካማ ልጅ ሲወለድ ቀድሞ ምን ይደረግ እንደ ነበረ የሚያውቁት አረጋውያን ሴቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መጻፍ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።