አሥራ ሦስት ጣሳ ማሽላ

አያቴ፣ እኛ «አኮ» የምንላት፣ ዋሂል ውስጥ ማሽላ ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ጣሳው 75 ሳንቲም ሆኖ ገዢው 13 ጣሳ ሲላት ጠጠር ትደረድራለች፦ አንዱ 75 ሳንቲም፣ ሁለቱ 1 ብር ከ50፣ አራቱ 3 ብር፣ ስምንቱ 6 ብር። ከዚያ ስምንቱን፣ አራቱንና አንዱን ሰብስባ «9 ብር ከ75» ትላለች። የማባዣ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እጥፍ ማድረግና መደመር ብቻ።

በ1985 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከተማ ገብቼ አምስተኛ ክፍል ስማር፣ ፈተና ላይ በእሷ መንገድ ሠራሁ። መልሱ ልክ ነበር፤ መምህሩ ግን «ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው?» ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ለእረፍት ዋሂል ስመለስ «አኮ፣ ሒሳብሽ እኮ ስህተት ነው» አልኳት። ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ አሠራሯን ጠይቄያት አላውቅም።

ስህተት አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ የገለበጠውና ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የሒሳብ ፓፒረስ የሚያባዛው በዚሁ እጥፍ በማድረግ ነው። ጂኦሜትሪም አለበት፦ ዲያሜትሩ 9 የሆነ ክብ መሬት ስፋቱን ለማግኘት ከ9 አንድ ቀንሶ 8ን በ8 ያባዛል፣ 64። እኛ በፓይ ስናሰላው 63.6 ገደማ ይመጣል። መንገዱ ሌላ ነው፤ መድረሻው ግን ያው ነው ማለት ይቻላል።

በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት ደግሞ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴ አለ፤ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚሉትም አሉ። 13ን ቀሪውን እየጣልን እናጋምሳለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ትይዩውን 75ን እናጥፋለን፦ 75፣ 150፣ 300፣ 600። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር፣ ማለትም የ6ን፣ እንሰርዛለን። የቀረው ሲደመር 975 ነው። ምስጢሩ 13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 መሆኑ ነው። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ መልክ ነው።

ይህን ያነበብኩት ሕክምና ስማር ነው፤ ያመንኩት ግን በኢንተርንነቴ አንድ ሌሊት ነው። ተቅማጥ ፈሳሹን የቀነሰበት 13 ኪሎ የሚመዝን ልጅ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ4 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ ይላል። መብራት ጠፍቷል፣ እናትየው ታለቅሳለች፣ እኔ በድካም ፈዝዣለሁ። የአኮ ጠጠሮች መጡልኝ፦ 600፣ 300፣ 75። ቁጥሮቹ ራሳቸው የእሷ ነበሩ። «975» አልኩ። ነርሷ በወረቀት አባዝታ ያንኑ አገኘች።

አኮ ያኔ አርፋ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከመካከላችን ዛሬ ብዙዎቻችን አስተማሪዎች ነን። ተማሪ ባልለመድነው መንገድ ትክክለኛ መልስ ይዞ ሲመጣ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት «እንዴት አገኘኸው?» እንበለው። ምናልባት ከኋላው አንዲት አኮ አለች።