ስለ ዓለም ጥንት የጠፈር ጨረር የሚሰጠው ምስክርነት

ዓለም ጥንት አለውን ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ፥ በፈላስፎችና በመጻሕፍት ተርጓሚዎች መካከል ብዙ ዘመን ሲያከራክር ከኖረ በኋላ፥ በ20ኛው ምእት ዓመት በመሣሪያ የሚመረመር ጉዳይ ሆነ። የቤልጅጉ ካህንና ሊቅ ዦርዥ ሌሜትር በ1927፥ አሜሪካዊው ኤድዊን ሐብል በ1929 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ)፥ ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ጭፍሮች ርቀታቸው በበዛ መጠን ከእኛ የሚሸሹበትም ፍጥነት እንደሚበዛ አስረዱ። ሆኖም መስፋፋቱ ብቻውን ክርክሩን አልዘጋውም፤ ፍሬድ ሆይልና ባልንጀሮቹ፥ በሚሰፋው ጠፈር ውስጥ አዲስ ቁስ ዘወትር ስለሚገኝ ዓለም ጥንት አያሻውም ይሉ ነበርና።

ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን በ1948፥ ዓለም በመጀመሪያው እጅግ የጋለና የታመቀ ከነበረ፥ የዚያ ግለት ቅሬታ የሆነ ጨረር ዛሬ ከፍጹም ዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ጠፈሩን ሞልቶ ሊገኝ ይገባል ብለው አሰሉ። ከ16 ዓመት በኋላ፥ ይህን ጨረር ያልፈለጉት አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን፥ በኒው ጀርሲ በሆልምዴል የነበረውን የቀንደ መለከት ቅርጽ ያለው አንቴና ወደየትኛውም የሰማይ ማዕዘን ቢያዞሩት፥ በሌሊትም ሆነ በቀን የማይለወጥ ትርፍ የራዲዮ ድምፅ ሰሙ፤ መሣሪያውን ፈትሸው፥ የእርግቦችን ኩስ እንኳ ጠርገው፥ ሊያጠፉት አልቻሉም። በፕሪንስተን ያሉት ሮበርት ዲኪና ረዳቶቹ ያንኑ ጨረር ለመፈለግ መሣሪያ በማዘጋጀት ላይ ነበሩና፥ ወሬው ሲደርሳቸው ምንነቱን ወዲያው ዐወቁት፤ በ1965ም የሁለቱም ወገን ጽሑፍ ጎን ለጎን ታተመ። ያልፈለገው ሰው ያገኘውን ነገር፥ የፈለገው ሰው አስቀድሞ በስሌት ማወቁ፥ በእኔ ዘንድ ለምስክርነቱ ከፍ ያለ ክብር የሚሰጠው ነው።

ይሁን እንጂ በ7.35 ሴንቲሜትር የሞገድ ርዝመት ብቻ የተገኘው ልክ፥ ማለትም 3.5 ዲግሪ ያህሉ፥ ለፍርድ አይበቃም ነበር፤ ጨረሩ በእርግጥ የጥንቱ ግለት ቅሬታ ከሆነ፥ ብርታቱ በሞገዶቹ ሁሉ ላይ ሙቀቱ አንድ ወጥ የሆነ አካል እንደሚያመነጨው ተደልድሎ መታየት አለበት። በ1989 የመጠቀችው ኮቤ የተባለችው ሳተላይት ይህንኑ ድልድል እጅግ በጠራ ሁኔታ ለካች፤ ሙቀቱም 2.725 ዲግሪ ሆነ። በ1992 ደግሞ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ የሚያህል መበላለጥ በጨረሩ ላይ ታየ፤ ጋላክሲዎች የበቀሉት ከዚህ ጥቂት መበላለጥ ነው።

ይህ ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ዓለም 380,000 ዓመት ያህል በሞላው ጊዜ፥ ኤሌክትሮኖች ከአቶም አስኳሎች ጋር ተጣምረው መንገዱን በለቀቁለት ወቅት ነው፤ ከዚያ የቀደመውን በቀጥታ አያሳየንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ዓለም ጥንት አለው የሚለውን የሳይንስ ትምህርት ለሥነ ፍጥረት ማስረጃ አድርገው በጠቀሱ ጊዜ፥ ካህኑ ሌሜትር ራሱ አልተደሰተበትም፤ ልክ ነበር እላለሁ። የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት መሆኑ በዚሁ ጨረር ታውቋል፤ የመጀመሪያዪቱ ቅጽበት ግን እስካሁን አልታየችም፤ አንባቢም ሁለቱን ለያይቶ እንዲይዝ አደራ እላለሁ።