በሌላ ስም መግባት፦ ስለ ሃኪንቶሽ እና ስለ ፊደላችን

ማክ ኮምፒውተር እጁ ላይ ያለ ሰው እስቲ የፎንቶቹን ዝርዝር ይክፈትና ወደ ታች ይውረድ። «ከፋ» የሚል ስም ያገኛል። ፈረንሳዊው የፊደል ቀራጭ ጀረሚ ሆርኑስ እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ በተማረበት ጊዜ የሠራው ፎንት ነው። አፕል ከማሽኖቹ ጋር አብሮ ያቀርበዋል። ማክ ላይ አማርኛ ስታነቡ ብዙ ጊዜ የምታዩት እሱን ነው።

ከፋ! ጅማ ዋና ከተማው ሆና የኖረችው ክፍለ ሀገር ስም። እኔ ቦሳ አዲስ ቁጭ ብዬ ይህን ስም ሳነብ ሌላ ነገር አይታየኝም፤ ቡናውና ጫካው ነው የሚታየኝ።

ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። የክፍለ ሀገራችን ስም ማክ ውስጥ አለ፤ ማክ ግን ጅማ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ልጆቻችን ሌላ መንገድ ይሞክራሉ። «መምህር፣ የጌም ላፕቶፕ አለኝ፤ ማክ ኦኤስ ብጭንበት ይሠራል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ከአንዴም ሦስቴ ደርሶኛል። አጭሩ መልስ፦ እንደ ላፕቶፑ ነው፤ ቢሠራም ዕድሜው አጭር ነው። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ ነው። የታሪክ መምህር ጠይቃችሁ በአጭሩ አትገላገሉም፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአፕል ያልሆነ ኮምፒውተር ላይ ማክ ኦኤስን መጫን በዓለም ላይ «ሃኪንቶሽ» ይባላል። ሥራው ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑን በሌላ ስም ማስገባት። ለሥርዓቱ «እኔ ማክ ነኝ» ብሎ መንገር። ይሄ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፊደላችን ለእሱ ባልተሠሩ ማሽኖች ውስጥ የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው ሮም ላይ፣ በ1513 ነው። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነበር። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን፣ ቋንቋውን ያስተማሩትና የረዱት በቫቲካን አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ናቸው። ታዲያ ፖትከን ቋንቋውን ምን ብለው አሳተሙት? «ከለዳዊ»! ግዕዝ በዓለም ኅትመት በር የገባው በሌላ ሕዝብ ስም ነው። ቡናችንም ቢሆን ስዊድናዊው ሊንየስ በ1753 ሲመዘግበው «አረቢካ» ብሎ ነው የመዘገበው። እዚህ ጫካችን ውስጥ በቅሎ፣ ዓለም የሚያውቀው በዐረብ ስም ነው።

ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ። መኪናው የተሠራው ከሃምሳ ላነሱ ቁልፎች ነው፤ አንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በሰባት፣ 231፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ምን ይደረግ? ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ተጨነቁ። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሣ የእሳቸው ስም ቀድሞ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

ቢሮዎቻችንን በሞላው የአማርኛ ኦሊቬቲ ላይ መፍትሔው ይታያል። ፊደሉ ይከፋፈላል፤ አካሉ አንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው ሌላ ቁልፍ ይሆናል። ጸሐፊዋ ሁለቴ መትታ አንድ ፊደል ታወጣለች። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጥያው ከፊደሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ አንዳንዱ እግሩ የተሰበረ መስሎ ይታያል። አላማረም፤ ግን ሠራ። መሬቱም፣ ደመወዙም፣ ክሱም፣ ዝውውሩም በእሱ ተጻፈ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ከሃኪንቶሽ ጋር ቁርጥ አንድ የሚሆነው።

በ1980ዎቹ ውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሥራውን ጀመሩት። ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው የአማርኛ መጻፊያ አቀረቡ፤ ዶ/ር አበራ ሞላ በኋላ ግዕዝኤዲትን ይዘው መጡ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ እዚህ አንገባበትም። አገር ቤት ደግሞ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራና፣ አጋፋሪ የሚባሉት በየቢሮው ተተከሉ። ዕድሜያችሁ ከሠላሳ አምስት በላይ ከሆነ ከእነዚህ በአንዱ ጽፋችኋል።

ዘዴው ምን ነበር? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ቁጥሮችን ብቻ ነው። አንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታም ቢበዛ 256 ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የላቲኑን ፊደል ሥዕል አውጥተው በቦታው የእኛን አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላቲን የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ የምናየው «ሀ» ነው። ቦታው ሲጠብብ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አካፈሉት።

አስተውሉ። ማሽኑን አታለሉት፤ «ይሄ ላቲን ነው» አሉት። በብልሃት የተሠራ፣ የሚደነቅ ሥራ ነው። ጋዜጣው፣ የፈተናው ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪው በዚህ ወጣ።

ዋጋው የታወቀው ፋይሉ ከቤቱ ሲወጣ ነው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈውን ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይወጣል። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ድልድል ስለሠራ፣ የአንዱ «ለ» የሌላው «መ» ሆነ። ፋይል ውስጥ ስም መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደር፣ አይሆንም። ማሽኑ እኮ አማርኛ መጻፉን አያውቅም። በሌላ ስም የገባ ሰው በራሱ ስም ቢጠሩት ማን ይመልስላችኋል?

መፍትሔው ከማታለል አልመጣም፤ ከመመዝገብ መጣ። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የማይነካ የራሱ ቁጥር ይሰጣል። በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ላይ የኢትዮጵያ ፊደል በ345 ምልክቶች ገባ። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች ዓመታት የደከሙበት ነው፤ ክርክሩ፣ ሰነዱ፣ «ይሄ ፊደል ቀርቷል» የሚለው ሙግት ብዙ ነበር። በዚያው በ1999 እዚህ እኛ ጋ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የከተማችን ዩኒቨርሲቲና በራሱ ስም የተመዘገበው ፊደላችን እኩያ ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ»ን፣ አፕልም «ከፋ»ን አመጡ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ማንም በየትኛውም ስልክ ላይ ሳይቸገር የሚያነበው በዚያ ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ።

አፕል ሥርዓቱን ከማሽኑ ነጥሎ ሰጥቶ ያውቃል። በ1995 ለሌሎች ኩባንያዎች ፈቅዶ የማክ አምሳያ ተመርቶ ነበር። በ1997 ስቲቭ ጆብስ ሲመለሱ በሩን ዘጉት። በሰኔ 2005 ደግሞ ጆብስ መድረክ ላይ ወጥተው ማክ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚዞር ተናገሩ። ሥርዓቱ ለአምስት ዓመት በድብቅ ኢንቴል ላይ ሲሠራ መቆየቱንም ገለጡ። በጥር 2006 የመጀመሪያው ኢንቴል ማክ ገበያ ወጣ። እንግዲህ በማክና በሌላው ኮምፒውተር መካከል ያለው ግድግዳ ቀጠነ። ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የቀረው ስም ብቻ ነው።

አፕል ያንን ስም የሚጠብቀው እንዲህ ነው። በኢንቴል ማክ ውስጥ ኤስኤምሲ የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች፤ ማራገቢያውንና ሙቀቱን የምትቆጣጠር። ሥርዓቱ ሲነሣ ከእሷ አንድ ቃል ይጠይቃል። ቃሉ ግጥም መሰል ልመና ነው፤ «እባካችሁ አትስረቁ» የሚል መልእክት ያለው። ይሄን መልስ ካላገኘ አይነሣም። ሃኪንቶሽ የሚሠሩ ሰዎች ቺፗን ሆኖ የሚመልስ ሶፍትዌር ጻፉ። ቀድሞ ክሎቨር፣ ዛሬ ኦፕንኮር የሚባለው ማስነሻ ደግሞ ከሥርዓቱ ቀድሞ ተነሥቶ የሞዴል ስምና መለያ ቁጥር ያቀብለዋል። ማክ ኦኤስም አምኖ ይነሣል። የእኛ ፎንቶች ለኮምፒውተሩ «ላቲን ነው» እንዳሉት ማለት ነው።

ሕጉን አልሸፍንባችሁም። የማክ ኦኤስ ውል ሥርዓቱ የአፕል ስም ባለበት ማሽን ላይ ብቻ እንዲጫን ይላል። ሳይስታር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 ሃኪንቶሽ ሠርቶ መሸጥ ሲጀምር አፕል ከሰሰው፤ በ2009 ኩባንያው ተረታ።

የጌም ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የባሰ ችግር አለ። የጌም ላፕቶፕ የሚወደደው ለምንድን ነው? ለኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዱ። ማክ ኦኤስ ግን ከ2018ቱ ሞሃቪ ጀምሮ ለአዳዲሶቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨር የለውም። ስለዚህ ካርዱን ታጠፉትና ከፕሮሰሰሩ ጋር በመጣው የኢንቴል ግራፊክስ ትሠራላችሁ። በሬውን አስሮ በጥጃ ማረስ ነው! የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ከኤንቪዲያው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክተር አይሠራላችሁም። የኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ከሆነ ያ ውስጠኛው ግራፊክስም ድጋፍ የለውም። ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ክዳኑ ሲዘጋ መተኛቱ፣ የባትሪው መለኪያ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይታከማል። መድኃኒቱን የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ማሻሻያ ሲመጣ ደግሞ ሕክምናው እንደገና ይጀመራል።

በሩም እየተዘጋ ነው። በኅዳር 2020 አፕል ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር አወጣ። በሰኔ 2025 ደግሞ ታሆ የተባለው ዕትም ኢንቴል ማክ ላይ የሚሠራ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቀ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሥርዓት የሚናገረው የሌላ ፕሮሰሰር ቋንቋ ነው። ስም ብትውሱ እንኳ ቋንቋውን አትችሉትም።

ታዲያ አትሞክሩ ማለቴ ነው? አይደለም። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው፣ ፋይሉን ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ልጅ ለመማር ቢሞክረው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ፣ ድራይቨር ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ከሚማረው በላይ ያውቃል። የዕለት እንጀራው በሆነው ብቸኛ ማሽን ላይ ግን አይሞክረው። ንግድም አያድርገው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሌላ ስም መግባት ብልሃት ነው፤ ግን ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በራስ ስም የተመዘገበ ይቀራል። እኛ ደግሞ በሌላ ስም የጻፍነው ብዙ ሀብት አለን፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየእድሩ፣ በየማኅበሩ በድሮ ፎንት የተጻፈ። የእድር መዝገብ፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የተማሪ ውጤት፣ የአንድ ሰው ሳይታተም የቀረ መጽሐፍ። አንድ አዛውንት የሠፈራቸውን ታሪክ የጻፉበትን ዲስክ አምጥተው አሳይተውኛል። ዲስኩ ተነበበ፤ የወጣው የላቲን ትርምስ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ስሙን የሚያውቅለት ግን የለም። ፎንቱን የሚያስታውስ ሰው ባለፈ ቁጥር ይሄ ዓይነቱ እየራቀ ይሄዳል።

ይሄ እንግዲህ ለእናንተ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ኦፕንኮርን አስተካክሎ የጌም ላፕቶፕን ማክ ነኝ የሚያሰኝ ልጅ፣ የድሮ ፎንት ድልድልን ሰንጠረዥ አውጥቶ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም መጻፍ አያቅተውም። ችሎታው አንድ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይለያል። ያኛው ማሽኑን በሌላ ስም ያስገባል፤ ይሄኛው ጽሑፉን ወደ ገዛ ስሙ ይመልሳል።

ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ካለ አትደልቱት። ፎንቱንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈ ወረቀት ላይ ጻፉበት። መቀየር የምትችሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ስማችሁን ከታች አስፍሩ፤ እኔ ባለ ፋይሎቹን አገናኛችኋለሁ።

ቸር ይግጠመን።